ውሃው ወሰን አያውቅም፣ ዕቅዱ ግን ወሰን ላይ ይቆማል

ሐረር፣ ሐረማያና ድሬዳዋ በውሃ የተሳሰሩ ሦስት ጎረቤቶች ናቸው። አንድ የአካባቢ አስተዳደር ለሕዝቡም ለተፈጥሮውም የሚበጅ ዘላቂ ዕቅድ ለማውጣት ሲነሣ ከየት መጀመር እንዳለበት ከእነሱ በላይ የሚያስተምር የለም።

ከሐረር ድሬዳዋ ያለው አስፋልት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ከሐረር ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ የሐረሪን ክልል ይለቅና ኦሮሚያ፣ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ውስጥ ይገባል። የጫት ገበያዋን አወዳይን፣ ቀጥሎም ሐረማያን አልፎ ደንገጎ ሲደርስ ደጋው ያልቃል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርድና ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት በሆነው በድሬዳዋ አስተዳደር ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ከፍታው ከ2,000 ሜትር ወደ 1,200 ሲያሽቆለቁል ተሳፋሪው ሹራቡን ማውለቅ ይጀምራል። በዚህች አጭር ጉዞ ሦስት ምክር ቤት፣ ሦስት በጀት፣ ሦስት ዓመታዊ ዕቅድ ታልፏል። ወሰን መሻገሩን ግን ከመንገድ ዳር ሰሌዳ በቀር የሚነግረው የለም።

ውሃም በዚሁ አቅጣጫ ይመላለሳል። ክረምት ላይ ከደጋው ጠርዝ እየተንደረደረ የሚወርደው ጎርፍ በደቻቱ ወንዝ አድርጎ ድሬዳዋን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚጓዝ ውሃ አለ፤ ሐረር ቀድሞ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከምትጠጣው ውሃ ዋናው በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ተራራውን የሚወጣ ነው። እነዚያን ጉድጓዶች የሚመግበው በአብዛኛው ከተራራው ጥግ እየሰረገ የሚወርደው ዝናብ ነው። እንግዲህ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ግማሹ አፈር ይዞ በጎርፍ ያመልጣል፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ሰርጎ ቆላ ይደርሳል፣ ከዚያ በመብራት ኃይል ተገፍቶ ወደ ደጋው ይመለሳል። ይህን ዑደት በአንድ ወረቀት ላይ ያሰፈረ፣ ሦስቱም አስተዳደሮች ፈርመው በጀት የያዙለት ዕቅድ ቢኖር ኖሮ ወጪውም ጉዳቱም ባልከፋ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ የአካባቢ ዘላቂነት ዕቅድ ከአስተዳደር ካርታ ተነሥቶ ሲሠራ ጥሩ ባለሙያ ቢያወጣውም ይከሽፋል፤ የውሃውን መንገድ ተከትሎ ወጥቶ ታች ያለው ተጠቃሚ ላይ ላለው አልሚ የሚከፍልበትን መንገድ ካበጀ ግን በደካማ በጀትም ሊቆም ይችላል።

## ሁሉም ዕቅዱን ያሳካበት ሐይቅ

የሐረማያ ሐይቅ አሟሟት ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ድንገተኛ መቅሠፍት ነው፤ አልነበረም። ሐይቁ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ፣ መውጫ ወንዝ የሌለው፣ ዙሪያውን በታረሰ ኮረብታ የተከበበ ነበር። እንዲህ ያለ ሐይቅ ከሚገባበት የበለጠ ሲወጣበት መከራውን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው፤ ከዳር እየሸሸ ሄዶ አንድ በጋ ላይ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሆነው ይኸው ነው። ከተሞቹ ሐረር፣ ሐረማያና አወዳይ ውሃ ይስቡበት ነበር። ገበሬው ጫቱንና አትክልቱን በሞተር ያጠጣበት ነበር። ኮረብታው በየክረምቱ ደለል ይጨምርበት፣ ፀሐዩም የድርሻውን ይወስድበት ነበር።

የሚገርመው እዚህ ውስጥ ዕቅዱን ያበላሸ መሥሪያ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ለከተማ ውሃ የሚያቀርበው ክፍል ግዴታው ለነዋሪ ቧንቧ መዘርጋት ነው፤ ዘረጋ። በግብርናው በኩል አነስተኛ መስኖ ማስፋፋት በየዓመቱ የሚመሰገን ውጤት ነው፤ ተስፋፋ። ገበሬው በበጋ ዋጋው የሚንረውን ጫት አጠጥቶ ልጁን ማስተማር ነበረበት፤ አስተማረ። እያንዳንዱ የየራሱን ዒላማ መታ፤ የሁሉም ዒላማ ግን አንዱ ሐይቅ ውስጥ ነበር። ሐይቁን ያደረቀው የዕቅድ መጓደል ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ እርስ በርስ የማይተያዩ ዕቅዶች መሳካታቸው ጭምር ነው ያደረቀው።

> እያንዳንዱ የየራሱን ዒላማ መታ፤ የሁሉም ዒላማ ግን አንዱ ሐይቅ ውስጥ ነበር።

የዕውቀት እጥረትም አልነበረም። ከሐይቁ አጠገብ የቆመው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ በአሜሪካው ኦክላሆማ ግዛት ኮሌጅ ድጋፍ የተጠነሰሰ፣ የአገሪቱን የግብርና ምሁራን ያፈራ አንጋፋ ተቋም ነው። ሐይቁ እየሸሸ መሆኑን ተመራማሪዎች ከማለቁ በፊት ጽፈዋል። ጥናቱን ተቀብሎ ወደ ውሳኔ የሚለውጥ አካል ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም ውሳኔው የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ውሃው የሚገኘው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ትልቁ ጠጪ ከተማ ግን የሌላ ክልል መዲና ነው። የሐረር ምክር ቤት ሐረማያ ኮረብታ ላይ እርከን የማሠራት ሥልጣን የለውም፤ የሐረማያ ወረዳ ደግሞ ለሐረር ቧንቧ ሲል የገበሬውን ሞተር የማቆም ምክንያት የለውም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ልክ በመሆናቸውም ሐረር ለቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቧንቧ ሳይመጣ ጀሪካን ይዞ መሰለፍን ለመደች።

ሐይቁ ከደረቀ በኋላም ነገሩ አላቆመም። በደረቀው ወለል ላይ ጉድጓድ እየተቆፈረ የከርሰ ምድሩ ውሃ በሞተር መሳብ ቀጠለ፤ ውሃው በሸሸ ቁጥር ጉድጓዱም ጠለቀ። ረዘም ያለ ቱቦና ጠንካራ ሞተር የመግዛት አቅም ያለው ቀጠለ፣ የሌለው ቀረ። የጋራ ሀብት ደንብ ከሌለው መጨረሻ የሚቀረው ለአቅመኛው ነው፤ በተፈጥሮ ጉዳይ ስለ ፍትሕ የሚነሣው ጥያቄ መነሻውም ይኸው ነው።

## ከሌላ ወረዳ የመጣው ጎርፍ

ድሬዳዋ ደቻቱን የምታውቀው በአብዛኛው እንደ አሸዋ ነው። ወንዙ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ግመልና ጋሪ ያልፍበታል፣ ዳርቻው ገበያ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደጋው ላይ በጣለ ከባድ ዝናብ የተነሣ ጎርፍ ሌሊት ከተማው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተሠርቷል፤ ማሳነስ አይገባም። በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ቆመ፣ ለተፈናቀሉት መኖሪያ ተሰጠ፣ ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የማስጠንቀቅ ሥራም ተጀመረ። ድሬዳዋ የከተማ ቀበሌዎች ብቻ ሳይሆኑ የገጠር ቀበሌዎችም ስላሏት በራሷ ተዳፋት ላይ እርከንና ክትር ማሠራት ትችላለች፤ ሠርታለችም። የጎርፉ ምንጭ የሆነው የላይኛው ተዳፋት ግን ብዙው ከወሰኗ ውጭ ነው። እዚያ ዛፍ ቢቆረጥ፣ ገደላማ መሬት ቢታረስ ጥፋቱ የሚመዘገበው በሌላ ዞን ነው፤ ሬሳው የሚለቀመው ግን ድሬዳዋ ነው። ግንብ ውሃውን በሰላም ያሳልፈው ይሆናል፤ መጠኑን አይቀንሰውም። የደለል ብዛት የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገ ቁጥር ደግሞ የግንቡ ቁመት በዚያው ልክ ያጥራል። እንግዲህ ከተማዋ በወሰኗ ውስጥ ብቻ የቱንም ያህል ብትደክም የምትሠራው የተሟላውን ዕቅድ ግማሽ ነው።

ያው ውሃ ከጎርፍነቱ ባሻገር የከተማዋ ሕይወት መሆኑ ይረሳል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ሙሉ በሙሉ ከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሳቢያን በተባለው ቦታ ያሉት ጉድጓዶች ከዚሁ ተዳፋት የሚሰርገውን ይጠብቃሉ። ደጋው ላይ እርከን ቢሠራ ጎርፉ ይቀንሳል፣ ሰርጎ የሚገባው ይጨምራል። ከአንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ የሚጠቀም ሰው ለሥራው ምንም የማይከፍል ከሆነ ግን ሥራው ለምን ይሠራል?

## ወረቀቱስ አልጎደለም

ሕግ በማጣት አይደለም። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ እሱን በቀጥታ በሚነካ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ዕቅድ ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ ሁለት ዓመት ግድም በፊት፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በሪዮ ደ ጄኔሮ የተደረገው የዓለም ጉባኤ ባወጣው ሰነድ ምዕራፍ 28 ላይ የአካባቢ አስተዳደሮች ከነዋሪዎቻቸው ጋር ተመካክረው የየራሳቸውን ዘላቂ የልማት ዕቅድ እንዲያወጡ ጠርቶ ነበር። ኢትዮጵያም በ1997 ዓ.ም. ሕዝብን ያሳተፈ የተፋሰስ ልማት መመሪያ በግብርና ሚኒስቴር በኩል አዘጋጀች። በዚያው ዓመት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ለሥራ የሚቀርበው የ1997ቱ መመሪያ ነው፤ ምክንያቱም የዕቅድን መለኪያ አሃድ ቀየረ። ቀበሌን ትቶ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆን ትንሽ ተፋሰስ ላይ ቁሙ አለ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የመንደሩ ሽማግሌዎች አናቱ ላይ ወጥተው የሚያዩት መሬት ዝናቡ ሁሉ በአንድ በር የሚወጣበት ነው። አሠራሩም ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ አናቱ ይከለላል፣ ቦይና እርከን ይሠራል፤ ቀጥሎ ወገቡ ላይ ያለው ማሳ ይካባል፤ ከዚያ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር ይታሰራል፤ ኩሬውና መስኖው የመጨረሻ ነው። ተገልብጦ ከታች ከተጀመረ ኩሬው በሁለት ክረምት ደለል ይሞላል። ይህንን የማያውቅ የወረዳ ባለሙያ የለም፤ ግን ኩሬ ቶሎ የሚታይና ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስለሆነ ስንት ቦታ ተገልብጦ እንደተጀመረ ቤቱ ይቁጠረው።

የነፃ ጉልበት ዘመቻው ሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሚሊዮኖች አካፋና ዶማ ይዘው ይወጣሉ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በአረንጓዴ አሻራ ስም ክረምት ላይ ችግኝ ይተከላል። ከዚህ ጎን ለጎን የሴፍቲኔት ተረጂዎች ጉልበትም በምሥራቅ ሐረርጌ ብዙ እርከን ሠርቷል። ከውጭ የሚመለከት ሰው ይህን ያህል ጉልበት በየትም አገር ቢፈስስ ተራራውን ማልበስ ነበረበት ይላል። ችግሩ የቁጥር አያያዙ ነው። ሪፖርት የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ፣ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ነው፤ ባለፈው ዓመት ከተሠራው ስንቱ እንደቆመ፣ ከተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ ብዙም አይጠይቅም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በሹክሹክታ የሚያነሡት ቅሬታም ይኸው ነው፦ የፈረሰውን መጠገን ቁጥር አይሆንም፣ አዲስ መሥራት ይሆናል፤ ስለዚህ የፈረሰው አጠገብ አዲስ ይሠራል። ገበሬው በበኩሉ፣ እርከኑ ከማሳው ጠባብ መሬት ላይ ቦታ እንደሚወስድበት፣ ትርፉ ደግሞ ታች ላለው እንደሚሄድ ያያል፤ ከብቱን ከተከለለው መሬት ሲያስገባ ከስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ሠርቶ ነው።

> የፈረሰውን መጠገን ቁጥር አይሆንም፣ አዲስ መሥራት ይሆናል።

ስለዚህ ዕቅድ ጥሩ የሚባለው በመጀመሪያው ዓመት በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በአምስተኛው ዓመት እርከኑ ሲፈርስ ማን ይጠግናል፣ በማን ገንዘብ፣ ካልጠገነስ ምን ይደረጋል የሚለውን መልስ ይዞ ሲወጣ ነው። ለዚህ አካባቢው ከሌላ ቦታ መቅዳት አያስፈልገውም። ሐረር ውስጥ አፎቻ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ለሐዘንና ለሠርግ ሰው ያሰባስባል፣ ቀሪውን ይቀጣል፣ ሒሳብ ይይዛል። በምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬዎች ዘንድም ጉዛ ተጠራርቶ የመሥራት ልማድ ነው። እነዚህ ተቋማት ከየትኛውም ኮሚቴ የበለጠ ዕድሜና ተዓማኒነት አላቸው። የመንግሥት ዕቅድ ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ኮሚቴው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

## «ጫቱን ንቀል» የማይል ዕቅድ

በዚህ ነጥብ ላይ ከሁለት ወገን ተቃውሞ ይመጣል። አንደኛው ወገን፣ ድኻ ገበሬን ስለ ሐይቅ ማስጨነቅ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ይላል፤ መጀመሪያ ሆድ ይሙላ፣ አካባቢው ቀስ ብሎ ይደርሳል ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የጫት ነው፣ ጫት ካልተከለከለ ሐይቅም ደንም አይተርፍም ይላል። ሁለቱም አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ የገበሬውን ኑሮና የተፈጥሮን ጤንነት በሚዛን ሁለት ወገን ላይ ያስቀምጣሉ።

ለመጀመሪያው ወገን መልሱ ሐረማያ ራሷ ናት። አካባቢው ሲጎዳ መጀመሪያ የተጎዳው ድኻው ነው፤ ጀሪካን የገዛው፣ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ያልቻለው፣ ደቻቱ ዳር በኪራይ ቤት ያደረው እሱ ነው። ለሁለተኛው ወገን ደግሞ የጫትን ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል። ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ማሳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገበሬ በማሽላ ብቻ አይኖርም፤ ጫት ጅቡቲና ሶማሌላንድ ድረስ ተልኮ ጥሬ ገንዘብ ያመጣለታል። ደግሞም ጫት ቋሚ ተክል ስለሆነ በየዓመቱ ከሚታረስ ማሳ ይልቅ አፈርን ይይዛል። ጉዳቱ ያለው በጋ ላይ ዋጋው ሲንር ያለ ገደብ በሚሳበው ውሃ ነው። እንግዲህ የዕቅዱ ጥያቄ ተክሉን ስለ መንቀል ሳይሆን ሞተሩን ስለ መመዝገብ ነው፦ ስንት ሞተር አለ፣ በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል፣ የውሃው ደረጃ እስከምን ሲወርድ ሁሉም አብሮ ያቆማል?

ይህን ደንብ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጽፎ ቢለጥፈው አይሠራም፤ ሞተሩን ሌሊት የሚያስነሣውን ሰው የሚያውቀው ጎረቤቱ እንጂ ባለሙያው አይደለም። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እ.ኤ.አ. በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ሥራ ነበር፤ የጋራ ሀብት የግድ በመንግሥት ወይም በግል ባለቤት እጅ ካልገባ ይጠፋል የሚለውን አስተሳሰብ በብዙ አገሮች ያሉ የመስኖ፣ የግጦሽና የደን ማኅበረሰቦችን በማጥናት ሞግታለች። ተጠቃሚዎቹ ደንቡን ራሳቸው ሲያወጡት፣ ራሳቸው ሲጠብቁት፣ ቅጣቱም ከትንሽ ጀምሮ ሲያድግ ሀብቱ ለትውልድ ሊቆይ ይችላል። አስተዳደሩ የሚያስፈልገው ደንቡን ሕጋዊ ለማድረግና ከማኅበረሰቡ አቅም በላይ የሆነ ጉልበተኛ ሲመጣ ለመቆም ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ከባድ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ጉልበተኛው ብዙ ጊዜ አስተዳደሩ ውስጥ ዘመድ አለው።

## ማን ይክፈል?

የወረዳ ሹማምንት ዘላቂ ዕቅድ ሲባሉ ቀድመው የሚያነሡት ገንዘብ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ከክልል የሚወርደው የወረዳ በጀት ብዙው ደመወዝ ይከፈልበትና ለሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም፤ ያለው ታች ነው። ሐረር ውሃን ከቆላ ወደ ተራራ ለመግፋት በየወሩ ለመብራት ትከፍላለች። ድሬዳዋ ለግንብ፣ ለደለል ጠረጋ፣ ለተጎጂ ታወጣለች። ከዚህ ወጪ ትንሿ ድርሻ በቋሚነት ወደ ደጋው ብትሄድ፣ ለእርከን ጠባቂ፣ ለተከለለ መሬት ባለቤት ካሣ፣ ለውሃ ቆጣቢ መስኖ ብትውል፣ ገበሬው እርከኑን የሚያየው እንደ ታዘዘው ሥራ ሳይሆን እንደ ገቢው ምንጭ ይሆናል።

ይህ ሐሳብ ሌላ ቦታ ተሞክሯል። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የውሃ ፈንድ አቋቁማ ከውሃ ሽያጭ ገቢ ጥቂት በመቶ እየቀነሰች ውሃዋ የሚመነጭበትን ተራራ ለመጠበቅ ታውለዋለች። ኒውዮርክም በ1997 እ.ኤ.አ. እጅግ ውድ የሆነ የውሃ ማጣሪያ ፋብሪካ ከመገንባት ይልቅ ውሃው ከሚመጣባቸው ካትስኪል ተራሮች ነዋሪዎች ጋር ተዋውላ ለእርሻ አያያዛቸው ገንዘብ ማውጣትን መርጣለች። ሁለቱም ከተማ ገንዘቡን ያወጣው ሒሳብ ሠርቶ ነው፤ ጥበቃው ከጥገናው ይረክሳል።

ሦስት ተቃውሞ አለ። አንደኛው፣ የሐረር ነዋሪ ለሚንጠባጠብ ቧንቧ ተጨማሪ ክፈል ቢባል ይቆጣል። ትክክል ነው፤ ስለዚህ ክፍያው ከትልልቅ ተጠቃሚዎች፣ ከሆቴልና ከፋብሪካ መጀመር አለበት፤ ለምን እንደዋለም በየዓመቱ በአደባባይ ይነገር። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የጠነከረው ተቃውሞ ነው፤ መልሱ ክፍያውን ከሪፖርት ለይቶ ከሚታይ ነገር ጋር ማሰር ነው። ሐምሌ ላይ ቆሞ የተገኘ እርከን ይከፈለዋል፣ የፈረሰ አይከፈለውም፤ ቆጣሪዎቹም ከላይም ከታችም የተውጣጡ ይሁኑ። ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ግን ዛሬ ካለው አቆጣጠር ይሻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጮክ ተብሎ የማይነገረው ነው። በዚህ አገር ወሰን የሚሻገር ካርታ መሳል ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል፤ ዛሬ ተፋሰስ ያለ ነገ መሬቴ ይላል የሚል ስጋት አለ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 51 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኝ ውሃ አጠቃቀምን የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ስለሰጠ፣ የክልል ሹም ጉዳዩን ወደ አዲስ አበባ መግፋት ይቀለዋል። በ1999 ዓ.ም. የተፋሰስ ምክር ቤቶች አዋጅም ወጥቶ ነበር፤ ግን ያ አዋጅ ያሰበው እንደ አዋሽና ዋቢ ሸበሌ ስላሉ ታላላቅ ወንዞች ነው። የሐረማያ ደጋ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ጠርዝ ነው፤ ዝናቡ አንድ ወገን ወደ አዋሽ ቆላ፣ ሌላ ወገን ወደ ዋቢ ሸበሌ ያዘነብላል። እንዲህ ያለ ጠርዝ በትልቅ ካርታ ላይ ሁልጊዜ የማንም ዳር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ወሰን አንድ ቃል የማያነሣ፣ የሥራና የክፍያ ብቻ የሆነ፣ አምስት ዓመት ቆይቶ የሚታደስ የሦስትዮሽ ውል። ውል ወሰንን አያንቀሳቅስም፤ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ነው።

## ሐይቁ ሲመለስ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐረማያ እንደገና ውሃ ይዟል። በአካባቢው የተሠራውን የተፋሰስ ሥራና የዩኒቨርሲቲውን ድካም ለሚያውቁ ይህ የድካም ዋጋ ነው፤ ወፎች ተመልሰዋል፣ ተመልካችም ይመጣል። ጠንቃቃ ባለሙያዎች ግን አንድ ነገር ያክላሉ፦ ተከታታይ ጥሩ ዝናብም ድርሻ አለው፣ የትኛው ምን ያህል እንዳገዘ መለየት ደግሞ ቀላል አይደለም። ለዕቅድ አውጪ ሁለተኛው አነጋገር ይጠቅመዋል። ሐይቁን የመለሰው ዝናብ ብቻ ከሆነ ዝናብ ሲጓደል ይሄዳል፤ ሥራው ከሆነ ደግሞ ሥራው ሲቆም ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ውሃው በሞላበት ጊዜ የሚወጣ ደንብ፣ ደርቆ ሳለ ከሚወጣ ደንብ ይልቅ ለመስማማት ይቀላል፤ ለሁሉም የሚካፈለው ስላለ።

አደጋውም እዚሁ ነው። ውሃ ባየ ቁጥር ሞተር ይነሣል፤ ሐይቁ ዳር የገበሬው ሞተር፣ የከተሞቹም ሞተር። አሁን ያለውን ሐይቅ ከበፊቱ የበለጠ ሕዝብ፣ ከበፊቱ የረከሰ ሞተር፣ የተስፋፋ ከተማና የጨመረ የጫት ዋጋ ይጠብቀዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የደረቀው አንድም መሥሪያ ቤት ዕቅዱን ሳይጥስ እንደነበር ካስታወስን፣ ለሁለተኛው ጊዜ የሚያስፈልገው የተሻለ የግብርና ዕቅድ ወይም የተሻለ የውሃ ዕቅድ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን በሚጀምረው የበጀት ዓመት በሐረርና በድሬዳዋ ሒሳብ ውስጥ ለደጋው የሚከፈል አንድ የወጪ መደብ ይግባ፤ ሐረማያ ላይ ደግሞ የሞተር መዝገብ ይከፈት። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ምክር ቤቶቹ የሚያጸድቋቸው ሦስት ጥራዞች የቱንም ያህል በሥዕላዊ ካርታ ቢዋቡ፣ የበጋውን ውሃ የሚወስነው ከሁሉም ቀድሞ ሞተሩን ያስነሣው ሰው ነው።